የሸዋ ምሥራቅ ደጅ፦ ከደብረ ብርሃን ሜዳ እስከ አልዩ አምባ ቁልቁለት

ደብረ ብርሃን ላይ የወረደ ዝናብ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። የከተማዋ ወንዝ በሬሳ ጀማን፣ ጀማም ዓባይን ይቀላቀላል፤ በየግድቡ ካልቀረ መጨረሻው ሜዲትራኒያን ነው።  ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አንኮበር ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ግን ከእግሩ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ ሁሉ ፊቱን ወደ አዋሽ አዙሮ ያገኘዋል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ውስጥ ይቀራል። የሁለቱ ውኆች መለያያ ላይ ሆኖ ማየት የፈለገ ብዙ መድከም የለበትም፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው።

ስለዚህ አገር ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚነሣው ከፍታው ነው። ነገሥታቱ ጠላት እንዳይደርስባቸው አምባ ላይ ወጡ፣ አምባውም ጠበቃቸው ይባላል። ሐሰት አይደለም። እኔ ግን አንኮበርን ያበለጸጋትም የጣላትም ከፍታው ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው ባይ ነኝ፤ ማለትም ከተራራው ወደ አፋር በረሃ፣ ከበረሃውም ወደ ታጁራ ወደብ የሚወስደው መንገድ።

ጉዞው የሚጀምረው ግን ከሜዳው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋች ናት፤ ፀሐይዋ ታበራለች እንጂ አታሞቅም። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱን የወረደው ውርጭ ጠዋት ሣሩን አንጥቶ ይቆያል። ገብሱም፣ በጉም፣ ሱፉም ከዚህ ብርድ ጋር የተስማሙ ናቸው። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጉር ባናና ዝተት ሲሠራ፣ በርኖስ ሲለብስ ኖሯል። በ1950ዎቹ ማብቂያ ከተማዋ ውስጥ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቋቋም አዲስ ነገር የሆነው መኪናው እንጂ ሙያው አልነበረም። የደብረ ብርሃንን አረቄ ያልቀመሰ ተጓዥ ደግሞ ብርዱን በደንብ አውቄዋለሁ ባይል ይሻለዋል።

ከተማዋን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460) ናቸው። ታሪኩ በሰፊው ይታወቃል፤ በሰማይ ብርሃን ታየ፣ ንጉሡም ቦታውን ደብረ ብርሃን ብለው ቤተ ክርስቲያን አሠሩበት። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ከብርሃኑ በፊት የሆነው ነው። ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት ለመስቀልና ለማርያም አንሰግድም አሉ ተብለው ተከሰው መጋቢት 2 ቀን በድንጋይ ተወገሩ። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚለው በ38ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 10፣ ብርሃኑ በዚያ ሥፍራ ታየ። ንጉሡ ፍርዳቸው ከሰማይ እንደጸደቀላቸው ቆጠሩት። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ነገሩን በ1448 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያገናኙታል። ኮከብም ይሁን ተአምር፣ የከተማዋ ልደት ከዚያ ውግራት ጋር የተያያዘ ስለሆነ አንዱን ተርኮ ሌላውን መተው ለጎብኚው ግማሽ ታሪክ መስጠት ነው።

የዚያ ዘመን ነገሥታት ከድንኳን ወደ ድንኳን የሚዞሩ ነበሩ። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ከመጨረሻ ዘመናቸው አሥራ ሁለቱን ዓመት ያህል እዚሁ ተቀመጡ። የጠንቋይና የአጋንንት ፍርሃት ስለነበረባቸው ካህናት በግቢው ዙሪያ ቀንና ሌሊት ጸበል ይረጩ እንደነበር ዜና መዋዕሉ ይናገራል። ያረፉትም እዚህ ነው፤ አጽማቸው ግን በኋላ ጣና ላይ ወዳለችው ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ተወስዷል። ደቂቀ እስጢፋኖስን ያሳደዱ ንጉሥ በእስጢፋኖስ ስም በተጠራች ደሴት ማረፋቸውን ልብ ያለው ፈገግ ሳይል አያልፍም፤ ሰማዕቱ እስጢፋኖስ ሌላ፣ የእነዚያ መነኮሳት አባት አባ እስጢፋኖስ ሌላ መሆናቸው ሳይረሳ። የከተማዋ ስም ራሱ ከሸዋ ወጥቶ ተጉዟል፤ ታላቁ ኢያሱ ጎንደር ላይ ያሠሩት ደብረ ብርሃን ሥላሴ የተጠራው በዚሁ ነው።

ልጃቸው በእደ ማርያም ወደ ድንኳን ኑሮ ተመለሱ። በ16ኛው ምዕተ ዓመት የኢማም አሕመድ ጦርነት መጣ፣ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፣ ቀጥሎ የኦሮሞ ፍልሰት የሜዳውን ነዋሪና ቋንቋ ለወጠው። ደብረ ብርሃን የንጉሥ መቀመጫ ሆና እንደገና እስክትጠራ ድረስ ብዙ ትውልድ አለፈ።

የሸዋ ታሪክ የሚያንሠራራው ከሰሜን፣ ከመንዝ ነው። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ነጋሢ ክርስቶስ አጋንቻ ላይ ተነሣ፤ ልጁ ስብስቴ ዶቃቂት ላይ፣ የልጅ ልጁ አብዬ ሐር አምባ ላይ ተቀመጡ። መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ በ18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አንኮበርን ዋና መቀመጫ አደረገ። እነዚህን ሥፍራዎች ካርታ ላይ በጣቱ የተከተለ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ እያንዳንዱ ትውልድ ከመንዝ ውስጥ ወጥቶ ወደ ደቡብና ወደ ገደሉ ጠርዝ ይጠጋል። መደበቅ የፈለገ ሰው እንደዚህ አይሄድም። ከጠርዙ በታች የሚያልፈውን ቅፍለት ለመቆጣጠር የፈለገ ግን በትክክል እንደዚህ ነው የሚሄደው።

ይህ መንገድ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ዘመን (1805–1840) ያህል የሠመረበት ጊዜ የለም። ከአንኮበር በስተምሥራቅ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ አልዩ አምባ አለ። ግመል ዳገቱን አይወጣም፤ ከታጁራ የመጣው ጭነት እዚህና ከሱ በታች ባለው ፋሬ ይራገፍና በአህያ፣ በበቅሎ፣ በሰው ትከሻ ሽቅብ ይወጣል። ኬላው እዚህ ነው፣ ቀረጡ የሚከፈለው እዚህ ነው። አርብ አርብ በሚቆመው ገበያ የአርጎባ ሸማኔ፣ የሐረር ነጋዴ፣ የአፋር ግመለኛና የደጋ ገበሬ ይገናኙ ነበር። ከአፋር አሞሌ ጨው፣ ከሐረር ቡና፣ ከባሕር ማዶ ጨርቅና መዳብ፤ በማርትሬዛ ብር ወይም በራሱ በአሞሌው ይሸጥ ይለወጣል። በአቅራቢያው ባለው አብዱል ረሱል ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር። የንጉሡ ግምጃ ቤት ከዚያም ከዚህም ቀረጥ ያገኝ ስለነበር ስለ ሸዋ ብልጽግና ሲወራ ይህን ማለባበስ አይገባም።

ይህን ደጅ የሚጠብቀው ማን እንደነበረ ማወቅ የዘመኑን ፖለቲካ ያስረዳል። የምሥራቁ ቆላ ገዥ ወላስማ መሐመድ የሚባል ሙስሊም ነው። ወላስማ በ13ኛው ምዕተ ዓመት የኢፋትን ሱልጣኔት የመሠረተው ሥርወ መንግሥት ስም ነው፤ ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1324 ክፉኛ የተዋጉት ከዚሁ ከኢፋት ጋር ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ያንኑ ስም የተሸከመው ሰው ለክርስቲያኑ ንጉሥ ኬላውን ይጠብቃል። ኬላው ብቻ አይደለም፤ የነገሥታቱ ወንድሞችና አጎቶች ዙፋን እንዳይመኙ የሚታሰሩበት የጎንቾ እስር ቤትም በእጁ ነበር። ንጉሥ በገዛ ዘመዱ ላይ የማይጥለውን እምነት በወላስማው ላይ ይጥል ነበር ማለት ነው።

ፈረንጆቹም በዚህ ደጅ ገቡ። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ በ1831 መጣ፤ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ሲወጣ መመለሻውን መንገድ ተከለከለና ወደ ሞምባሳ ዞረ፤ የኬንያን ተራራ አይቶ ለአውሮፓ ያወራው እሱ ነው። በ1833 ክረምት የእንግሊዙ ሻለቃ ሐሪስ ከታጁራ ተነሥቶ፣ በመንገድ ሰዎቹ ተገድለውበት፣ ሸዋ ደረሰ። የእጅ መንሻው 300 ጠመንጃና መድፍ ነበረበት። ንጉሡ በጠመንጃው ደስ ቢሰኙም ከእንግዶቻቸው ሁሉ ሳይታክቱ ይለምኑ የነበረው መድኃኒት ነው። ከእንግሊዞቹ ጋር ኅዳር 1834 አንጎለላ ላይ የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ፤ በ1835 ደግሞ ከፈረንሳዩ ሮሼ ዴሪኩር ጋር ሌላ ውል አደረጉ። ሁለቱም ውል በተግባር ብዙ አልፈየደም። ለእኛ የተረፈን ጥቅም ሌላ ነው፤ ከሐሪስ ጋር የመጣው የሙኒኩ ሠዓሊ በርናትዝ አንኮበርን፣ ገበያውን፣ የንጉሡን ግቢ በሥዕል አስቀረልን። ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ደግሞ ቤት ይዞ የኖረው ንጉሡ አጠገብ ሳይሆን ታች አልዩ አምባ ነበርና፣ የገበያውን ሰው ኑሮ ለማወቅ ከሐሪስ ይልቅ የሱን መጽሐፍ እመርጣለሁ። ሐሪስ ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ነው፤ ቋንቋውም ያበጠ ነው።

አንጎለላን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ በጫጫ በኩል የሚገኘው ይህ ሜዳ የሣህለ ሥላሴ ሌላው ፊት ነው። ከአንኮበር ቀረጥ ይሰበስባሉ፤ ከአንጎለላ ፈረሰኛ ይዘው በኦሮሞ ላይ ይዘምታሉ፤ ከብትና ምርኮኛ ይነዳሉ፤ እዚያው ግን ይጋባሉ፣ ይዋለዳሉ። ነሐሴ 12 ቀን 1836 የልጅ ልጃቸው ምኒልክ የተወለደው በዚሁ በአንጎለላ ነው።

በ1848 ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ሲመጡ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ንጉሥ ኃይለ መለኮት አንኮበርን ለጠላት ከማስረከብ ብለው ግቢውን አቃጠሉት፤ እሳቸውም በዚያው ሰሞን በሕመም አረፉ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጃቸው ምኒልክ ተማርኮ ወደ መቅደላ ሄደ። በ1857 ክረምት መግቢያ ከመቅደላ አምልጦ ሲመለስ ሸዋ ተቀበለው፤ አንኮበርም እንደገና ተሠራች። ምኒልክ ግን አንድ ቦታ የሚረጉ አልነበሩም። በደብረ ብርሃን አጠገብ ልቼን ከተሙ፤ መጋቢት 1870 ለዐፄ ዮሐንስ የገቡበት ስምምነት የልቼ ውል ይባላል።

በዚህ ጊዜ እንግዳው በዝቷል። በ1869 ማርኬዝ አንቲኖሪ የሚባል አረጋዊ የጣልያን ተመራማሪ መጣ፤ ምኒልክ ከአንኮበር በታች ልጥ ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ሰጡት። አንቲኖሪ ወፍ ሲሰበስብ ኖሮ በ1874 እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። የዚያ ጣቢያ ታሪክ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው የዕፅዋትና የአዕዋፍ ጥናት፣ ሁለተኛው ለጣልያን መንግሥት ዐይንና ጆሮ መሆን። በ1871 ደግሞ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊስ መሐንዲስ ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች ጋር አንኮበር ወጣ። በኋላ የምኒልክ አማካሪ ሆኖ የባቡሩን ሐዲድ የጠነሰሰው እሱ ነው። አንኮበርን ያደኸያት ሐዲድ ሐሳቡ በአንኮበር በር በገባ ሰው ተያዘ።

አንኮበር ላይ የተፈረደባት ዓመት 1879 ናት። በኅዳር አዲስ አበባ ተቆረቆረች። በታኅሣሥ ማብቂያና በጥር መባቻ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ የሐረርን አሚር ድል አድርገው ሐረር ገቡ። በጥር መጨረሻ ደግሞ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ፣ በአፋር በረሃ ወራት ፈጅቶ፣ አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ የሉም፤ ሐረር ናቸው። እንጦጦ ድረስ ተከትሎ ሄዶ በርካሽ ሸጠ። ሲመለስ በመጣበት አልሄደም፤ አሁን ሐረር የምኒልክ ሆናለችና በአዲሱ መንገድ፣ በጨርጨር በኩል ወደ ሐረር ወረደ። የአንዱ ነጋዴ ምርጫ የቅፍለቱ ሁሉ ምርጫ ሆነ። በ1895 ባቡር ከጅቡቲ ድሬዳዋ ሲደርስ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ፣ አልዩ አምባ የአገሬው ገበያ ብቻ ሆነች፤ አንኮበርም ዕቃ ቤትና እስር ቤት ሆና ቀረች።

ምኒልክ በ1883 ለአውሮፓ መንግሥታት በጻፉት ደብዳቤ አገራቸውን በአረማውያን ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት አድርገው ገልጸዋታል። ለአውሮፓ ጆሮ የተመረጠ አነጋገር ነው፤ ብልሃቱም አይካድም። የአንኮበር ልጅ መሆናቸውን ለሚያስታውስ ግን ደሴቲቱ ጨው የምታገኘው፣ ጠመንጃ የምታስገባው፣ እንግዳ የምትቀበለው በአርጎባና በአፋር እጅ እንደነበረ ግልጽ ነው።

የ20ኛውን ምዕተ ዓመት ባጭሩ ልለፈው። በ1909 የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ለልጅ ኢያሱ ሲዘምቱ ከአንኮበር ብዙ በማይርቀው ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑል ሰገድን ድል ነሥተው ገደሉ፤ ጥቅምት 17 ግን ሰገሌ ላይ ራሳቸው ተሸንፈው ተማረኩ። በጣልያን ወረራ ዘመን ይህ ገደላገደል የእነ ራስ አበበ አረጋይና የእነ ኃይለ ማርያም ማሞ አርበኞች መዋያ ነበር። ጣልያን ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሲሠራ ጣርማ በር ላይ ተራራውን በስቶ አሳለፈው። ባቡሩ አንኮበርን እንደተዋት መኪናውም ተዋት፤ ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ ወደ ወሎና ትግራይ የሚሄድ ሁሉ ከደብረ ብርሃን በቀጥታ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ አንኮበር ወደ ቀኝ ተገንጥላ ቀረች። ደብረ ብርሃን ግን መንገዱ ላይ ስለሆነች አደገች፤ ዩኒቨርሲቲ፣ ቢራ ፋብሪካ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት።

መረሳቱ ለዛፉና ለአውሬው ሳይበጅ አልቀረም። ከአንኮበር በስተሰሜን ያለው የወፍ ዋሻ ደን ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ የሞላበት ነው፤ የመናገሻ ሱባ ደን ዘሩ ከዚህ ተወስዶ በዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ተተከለ ይባላል። ገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይውላል። ቀረብ ብሎ ላየው አሠራሩ የአጫጅ ነው፤ ቂጡን መሬት አስይዞ ይቀመጥና በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ እፍኙ ሲሞላ ይጎርሳል፤ ከፊቱ ያለው ሲያልቅ ሳይነሣ ተንፏቆ ይቀጥላል። ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርዶ ቋጥኝ ላይ ያድራል። አንኮበር ሴሪን የምትባለው ትንሽ ቡናማ ወፍም በዚሁ ጠርዝ ላይ ትኖራለች፤ ሳይንስ ያወቃት ገና ሃምሳ ዓመት ገደማ ነው። አንቲኖሪ ስድስት ዓመት ያህል እዚያው ወፍ ሲያድን ኖሮ አላገኛትም። ወደ መንዝ ዘልቆ የጓሳን ሣር ምድር ማየት ለቻለ ሰው ሌላ ትምህርት አለ፤ የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የሣሩን አጨዳና ግጦሽ ቀሮ በሚባል ሥርዓት እየተዳኘ ሲጠብቀው ቆይቷል፤ ቀይ ቀበሮ ያለውም ለዚህ ነው።

የአንኮበርን ቤተ መንግሥት ያየ ብዙ ጊዜ ቅር ይለዋል። የዛሬዋ ከተማ ጎረቤላ ናት፤ የነገሥታቱ ኮረብታ ከሷ ወጣ ብሎ ነው። እላዩ ላይ የቀረው በድንጋይና በኖራ የተሠራ የግንብ ቁራጭ ነው፤ አጠገቡ በጥንቱ ቤት አምሳል ሎጅ ተሠርቷል። አብዛኛው የፈረሰው ከእንጨትና ከሣር የተሠራ ስለነበር ነው። የአንኮበር ግርማ በጉልላት አልነበረም፤ ከግንቡ አጠገብ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ሰው ግን ነገሩ ይገለጥለታል፤ ጠዋት ጉም ካልሸፈነው የቆላው ጋራ እርከን በእርከን እየወረደ እስከ አፋር ሜዳ ይታያል። ጠባቂ እዚያ ተቀምጦ ከታች የሚመጣውን ቅፍለት አቧራ አስቀድሞ ያይ ነበር ቢባል አያጠራጥርም።

መሄድ የሚፈልግ ሁሉ እንደፈለገ የሚሄድበት ጊዜ አይደለም። በ2014 ኅዳር የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደብረ ሲና ድረስ መጥቶ ነበር፤ ደብረ ብርሃንም ብዙ ተፈናቃይ አስጠልላለች። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። አስጎብኚው፣ ባለ ሎጁ፣ ባና ሸጣ የምትኖረው እናት ሁሉ ተጎድተዋል። ከመነሣት በፊት የአገሩን ሰው ስለ መንገዱ መጠየቅ ግዴታ ነው።

መንገዱ ሰላም ሲሆን የምመክረው አንድ ነገር አለ። አብዛኛው ጎብኚ ግንቡን አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ምሳውን ደብረ ብርሃን ለመብላት ይመለሳል። በዚያ ፈንታ ጋቢውን መኪና ውስጥ ትቶ ወደ አልዩ አምባ ይውረድ። የመኪና መንገድ አለ፤ በእግር ግን ብርዱ በየት በኩል እንደተለየው፣ ገብሱ የት አልቆ ማሽላው የት እንደጀመረ፣ የቤቱ ጣሪያና የሴቶቹ አለባበስ የት እንደተለወጠ በራሱ ዐይን ያያል። ታች ሲደርስ የአርጎባ ሰዎች ስለ አንኮበር የሚነግሩት ታሪክ ከላይ ከሰማው የተለየ ነው፤ ሁለቱንም ሰምቶ ዳገቱን ለመውጣት ቀኑ ስለማይበቃው እዚያው ማደሪያ ይጠይቅ።